ከሐዋሳ ቶርኖ ቤት በትእዛዝ የተቀረጸ የስኮፕ ቀለበት ማፋጫ ዘንግ

ስኮፕን፣ ማለትም የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽርን፣ የሚይዙት የፊትና የኋላ ቀለበት በአንድ መስመር ካልተቀመጡ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ የስኮፑን ቱቦ ያጎብጡታል። ቱቦው ይላጣል፤ የማነጣጠሪያው ማስተካከያም ገና ሳይጀመር ያልቃል። በሻሸመኔ አድርጎ ወደ ባሌ ለደጋ አጋዘን አደን የሚወጣ ጠመንጃ ደግሞ የመንገዱን ንዝረትም መቻል አለበት። ይህን የሚያቃናው ቀለበቶቹን እንደ ሞተር ቫልቭ በፔስት፣ ማለትም ሻካራ ፍርፋሪ ባለበት ቅባት፣ በዘንግ ማፋጨት ነው።

ዘንጉ ከለስላሳ ብረት የተቀረጸ፣ 35 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ለ30 ሚሊሜትር ቱቦ የታዘዘ ነው። ልኩ በማይክሮሜትር ጫፎቹ ላይ 29.97፣ መሐሉ ላይ 29.99 ሚሊሜትር ሆኗል። ረጅምና ቀጭን ብረት በሁለት ጫፉ ተይዞ ሲቀረጽ መሐሉ ከመቁረጫው ስለሚሸሽ ትንሽ ወፍሮ ይቀራል፤ ይህ ልዩነት ግን ምንም አያበላሽም። ከ30.00 ካለፈ አትቀበሉ፤ ቀለበቱ ከቱቦው ይሰፋና መጨበጥ ያቅተዋል። 29.80 ከሆነም የቀለበቱ ወለል ላይ ቦይ ከማውጣት በቀር ጎኑን አይነካም። ቀጥ ማለቱን ለማየት መስተዋት ላይ አንከባሉት፤ በሥሩ ብርሃን ብልጭ ድርግም ካለ ጎብጧል።

በርካሽ ከአሮጌ ሃይድሮሊክ የወጣ ባለክሮም ዘንግ ቢያቀርቡላችሁ ልኩ አያታልላችሁ። ክሮሙ ጠንካራ ስለሆነ የፔስቱ ፍርፋሪ ዘንጉ ላይ አይተከልም፤ አሉሚኒየም ቀለበት ከሆነ እዚያው ውስጥ ይቀረቀራል።

ቅር የሚያሰኘው አብሮ የተሰጠው የቫልቭ ፔስት ነው፤ ሻካራው ብቻ ነው። ረቂቁን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ግዙ።

አሠራሩ ላይ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ቦልቱ (ተንሸራታች መዝጊያው) ይውጣ፤ ክፍቱ ሁሉ በጨርቅ ይሸፈን። ቀለበቶቹ የሚታሰሩበት መሠረት፣ የቤዙ፣ ብሎኖች አስቀድመው ይጥበቁ፤ በኋላ ቤዙ ከተነካ ሥራው እንደገና ይጀመራል። የታችኞቹን ግማሾች በማርከር ቀብታችሁ፣ ፔስት አድርጋችሁ፣ ዘንጉን ሳትጫኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሽከረከራችሁ ግፉ። በየ20 ምልልሱ ጥረጉና እዩ። ከቀለሙ 75 እስከ 80 በመቶው ሲለቅ አቁሙ። መቶ በመቶ ካልሆነ ብሎ የሚቀጥል ሰው ቀለበቱን ይጨርሰዋል።

ቀለበቱንና ክዳኑን (የላይኛውን ግማሽ) በቤንዚን እጠቡ፤ ክዳኖቹ እንዳይቀያየሩ ምልክት ይደረግባቸው። የክዳን ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ፣ በሁለቱም ጎን እኩል ክፍተት እየተው፣ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ክዳኑ ላይ የብሎን ማጣበቂያ አይደረግም፤ ብሎኑን አርጥቦ ከልኩ በላይ እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

የተፋጨ ብረት ቀለሙን ስለሚያጣ በሐዋሳ የሐይቅ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል። ስስ ዘይት ቀቡት፤ ስኮፑ ከመግባቱ በፊት ግን አድርቃችሁ ጥረጉት። ውስጣቸው የፕላስቲክ ማስገቢያ ያላቸው ቀለበቶች በዚህ ዘንግ ፈጽሞ አይፋጩም።