ሀዋሳ ላይ የእጅ ጉድጓድ ለምታስቆፍሩ (4/5 ኮከብ)

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ይኑረን ብለን ቆፋሪ ፈለግን። በመጨረሻ የቆፈሩልን ሰዎች ሱቅም ማስታወቂያም የላቸውም፣ በሰው በሰው ነው የሚገኙት። ከነሱ በፊት ያናገርናቸው ልጆች ግቢውን እንኳ ዞር ዞር ብለው ሳያዩ በሜትር ይሄን ያህል ብለው ቀብድ ጠይቀውን ነበር።

የነዚህኛዎቹ አለቃ ጋሼ ግን ገና በሩ ላይ ቆመው ከአጥሩ ወዲያ ያለውን የቤተክርስቲያን መቃብር አዩና "እናቴ፣ ያ ከዚህ ስንት ሜትር ይሆናል?" አሉኝ። ልጄ ሙት ፈርተው መስሏት ሳቀች። ስልካቸው ላይ ካርታ ከፍተው ለኩት፣ 80 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከዛ በዶማ ትንሽ ጫር አድርገው ሀይላንድ ሙሉ ውሃ አፈሰሱበት፣ ወዲያው ሰርጎ ጠፋ። አፈሩ ፑሚስ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና አሸዋ ነው፣ ሀይቁ ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ውሃው ጥልቅ አይደለም፣ ክረምት ላይ ጭራሽ ከፍ ይላል፣ መሬቱም ከመቃብሩ ወደኛ ነው የሚያዘቀዝቀው። ከመቃብሩ የሚሰርገው ጉድጓዱ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ለመጠጥ ከሆነ አልቆፍርም አሉ፣ ቁርጥ አድርገው።

ስራ የሚገፋ ቆፋሪ አይቼ ስለማላውቅ ህጉን ማየት ጀመርኩ። ፈረንሳይ በ1804 መቃብር ከከተማ ቢያንስ 35 እስከ 40 ሜትር ይራቅ ብላ ደነገገች፣ በ1808 ደግሞ ከከተማ ወጥቶ ከተተከለ አዲስ መቃብር 100 ሜትር ሳይርቁ ያለ ፈቃድ ቤት መስራትም ጉድጓድ መቆፈርም ከለከለች (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። እንግሊዝ አሁን መቃብር ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ 250 ሜትር፣ ከሌላ ምንጭና ወንዝ 30 ሜትር እንዲርቅ ትጠይቃለች፣ መቃብሩ ሲቆፈርም ታቹ ውሃ መቋጠር የለበትም። የኛ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ 197/1992 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ስለዚህ ቆፋሪው ራሱ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅልሃል? ቤተክርስቲያኑን ደግሞ ምን ትለዋለህ፣ እሱ እዛው ነበር፣ እኛ ነን ቤት እየሰራን እየሰራን አጥሩ ስር የደረስነው።

በመጨረሻ ለልብስ፣ ለአትክልትና ለሽንት ቤት ብቻ ብለን ተስማማንና ከአጥሩ ራቅ ያለው ጥግ ላይ ቆፈሩልን። ጎረቤት አፍልታችሁ ጠጡት ይለናል፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬት (ከመቃብር ሰርጎ ውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችል ኬሚካል) አያወጣም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይወፍራል። በዛ ላይ ስምጥ ሸለቆ ነን፣ ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን የልጆች ጥርስ እንዴት እንደሚያበልዝ እዚህ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ስለዚህ መቃብር አጠገባችሁ ባይኖርም ላብራቶሪ ሳታስመረምሩ እንዳትጠጡ።

ስራቸው ንፁህ ነው፣ የሲሚንቶ ቀለበቱን አፉ ድረስ አስገብተው ከመሬት ከፍ አድርገው ነው የጨረሱት፣ የዝናብ ጎርፍ አይገባም። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ጠዋት ብለው ከሰአት ስለሚመጡና የቆፈሩትን አፈር በር ላይ ከምረው ስለሄዱ ነው፣ ጋሪ ተከራይተን ነው ያስነሳነው። ክዳኑም ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ ዋጋ ስትነጋገሩ ክዳንና አፈር ማንሳት አለበት የለበትም ብላችሁ ቀድማችሁ ጨርሱ።