«ለጀማሪዎች» የተባለውን የሞተር ጉዞ ከመክፈላችሁ በፊት

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ ሞተር ገና እየለመዳችሁ ያላችሁ፣ ይሄን አንብቡልኝ። ባለፈው እሁድ እኔና የአክስቴ ልጅ ብራችንን ተበልተናል። ገንዘቡን ገና እየጠየቅን ስለሆነ ስማቸውን ለጊዜው አልጽፍም። ማስታወቂያውን ስታዩት ግን ታውቁታላችሁ።

«የጀማሪዎች የቡድን ጉዞ፣ ጅሬን ወጥተን በገጠር መንገድ በቡናው መሃል እንመለሳለን፣ አሰልጣኝ አለ፣ ሄልሜት አለ፣ ኢንሹራንስ አለ» ይላል። ለአንድ ሰው 2,800 ብር፣ በዚያ ላይ 5,000 ብር ማስያዣ። ማስያዣው ማታውኑ ይመለሳል ተባልን። በቴሌብር ላክን፤ ተቀባዩ ግለሰብ ነው፣ ደረሰኝ የለም። ያኔ መንቃት ነበረብን።

ጠዋት ፈረንጅ አራዳ ተገናኘን። ዘጠኝ ሰው፣ አንድ አሰልጣኝ። ስልጠናው አስር ደቂቃ አልሞላም። ይሄ ፍሪሲዮን፣ ይሄ ማርሽ፣ ይሄ ፍሬን፣ በሉ እንሂድ! ሞተር ላይ ወጥታ የማታውቅ ልጅ አብራን ነበረች፤ መንጃ ፈቃድ አለሽ ወይ ያላት የለም። የኔ ሄልሜት ከመስፋቱ የተነሳ እኔ ወደ ቀኝ ስዞር እሱ ወደፊት ያያል።

እስከ ጅሬን ደህና ነበር። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ ሞተሮቹን ደርድረን ፎቶ ተነሳን (ይሄን ፎቶ ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል)። ጉዱ የጀመረው ከዚያ ወደ ገጠሩ ስንታጠፍ ነው። ሌሊቱን ዘንቧል፤ ቀይ አፈራችን ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው አይነገርም። ጎማዎቹ ደግሞ የአስፋልት ናቸው፣ ያውም ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጭቃው ሲጠቀጠቅበት ልሙጥ ሆኖ ሞተሩ ወደፈለገበት ይሄዳል። አሰልጣኙ ከፊት ተፈትልኮ ሄደ፣ ከኋላችን ማንም የለም። በቡድን ሲነዳ እኮ አንድ ልምድ ያለው ሰው መጨረሻ ላይ ይሆናል፣ መገንጠያ ሲደርሱም የኋለኛው እስኪመጣ ይጠበቃል። እኛ መንገድ ስተን ሰው ግቢ ገብተን ውሻ አባሮናል።

ቁልቁለት ላይ የአክስቴ ልጅ ደንግጦ የፊት ፍሬኑን ጭምቅ አደረገው። እንዲህ ያለ ቦታ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እየያዘው፣ የኋላውን ፍሬን ቀስ እያሉ እንደሚወረድ ማን ነገረን? የፊት ጎማው ሸርተት አለና እግሩ ከሥር ቀረ። ሞተሩን ያነሱልን ከማሳቸው የመጡ አንድ አባት ናቸው። «ኢጆሌ (ልጆች)፣ እንዲህ ሲዘንብ እኛ በቅሎ እንኳ አናወርድበትም» አሉን፣ ቤታቸው ወስደውም ቡና አጠጡን። አሰልጣኙ ከ40 ደቂቃ በኋላ ብቅ አለ። መጀመሪያ ያየው ያበጠውን ቁርጭምጭሚት ሳይሆን የሞተሩን ፓራፋንጎ (የጎማውን የጭቃ መከላከያ) ነበር።

ማታ «ስፖኪዮ ተሰብሯል፣ ፓራፋንጎ ተጭሯል» ብለው 5,000ውን አስቀሩ። እኔ አንዴም አልወደቅኩም፤ እኔን ደግሞ «ፍሪሲዮን አቃጥለሃል» አሉኝ። የፓራፋንጎው ጭረት ጠዋት በተነሳነው ፎቶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለአሰልጣኙ ስልክለት አየው፣ ዝም አለ። ከዘጠኛችን የስድስታችን ማስያዣ ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ጀማሪ የሚፈልጉት ስለሚወድቅላቸው ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ።

ኢንሹራንስ ያሉት የሶስተኛ ወገን ነው። እሱ የሚከፍለው በሌላ ሰው ወይም ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ ለነጂው ለራሱ አይደለም። የራጅና የመድኃኒቱን ከኪሳችን ከፈልን።

የግድ የምትሄዱ ከሆነ ማስያዣ ከመስጠታችሁ በፊት ሞተሩን በአራቱም አቅጣጫ በቪዲዮ ቅረጹት፣ ጎማውን በእጃችሁ ዳሱት፣ ምን ቢሰበር ስንት እንደሚቆረጥ በጽሁፍ አስፈርሙ። ሌሊት ከዘነበ ቅሩ። ደረሰኝ አልሰጥም ካለ ደግሞ ወሬ አታብዙ፣ ውጡ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ እኛም ይሄንኑ ይዘን ማክሰኞ ንግድ ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን። በእጃችን ያለው የቴሌብር መልእክትና ያ ፎቶ ብቻ ነው። አብራችሁን የነበራችሁ፣ የተነሳችሁት ሌላ ፎቶ ካለ እስከ ሰኞ ማታ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።