መዓዛው ለባለቤቴ፣ ጢሱ ለእኔ

ባለ ቃና የፒፓ ትንባሆ የሚሠራው ለአጫሹ አይመስለኝም። አጠገቡ ለተቀመጠው ነው። ፓኬቱ ሲከፈት ቫኒላው፣ ካራሜሉ፣ ማሩ ቤቱን ያውደዋል። ሲለኮስ ግን ያ ሁሉ ወደ አየር ይወጣል። ለአጫሹ የሚተርፈው ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ጢስ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው ቤታችን ውስጥ ማጨስ ክልክል ስለሆነ ሁሉንም የሞከርኩት በረንዳ ላይ ነው። እኔ እቀምሳለሁ፣ ባለቤቴ በመስኮት ታሸታለች። እስካሁን በአንዱም አልተስማማንም።

በካፕቴን ብላክ ልጀምር፤ በነጩ ፓኬት። አሜሪካ ውስጥ ፒፓ የያዘ ሰው ይህን አንዴ ሳይቀምስ አይቀርም። መሠረቱ ካቨንዲሽ ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ይሞቃል፣ በጫና ይታመቃል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ጣፋጩ ነገር የሚገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ቅጠሉ ስኳርነት ያለው ፈሳሽ ይጠጣል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሽታ ሰጪው ይረጭበታል። ብዙዎቹ ባለ ቃና ትንባሆዎች እንዳይደርቁም ፕሮፒሊን ግላይኮል ይጨመርባቸዋል። ምላስን የሚለበልበው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው እርጥበት ነው፤ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲስብ ደግሞ ይብሳል። ነጩ ካፕቴን ብላክ ለስላሳ ነው። ቫኒላው አይጮህም። ቡና እየጠጡ በቀስታ ለሚስቡት ይስማማል። ባለቤቴ ከአሥር ሰባት ሰጠችው፣ እኔ አምስት።

ዋን ኪው ሌን የሚባለው የትንባሆ ድርጅት ቅምር ነው፤ የካፕቴን ብላክ ዘመድ ማለት ነው። የሚሸጠው ከትልቅ ብልቃጥ እየተዘገነ በሚዛን ነው። ትንባሆ ቤቶች ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ስም ይለጥፉበታል። ስለዚህ «የቤታችን ልዩ» የሚል ብልቃጥ ካያችሁ ቆም በሉና ጠይቁ፤ ዋን ኪው የመሆኑ ዕድል ቀላል አይደለም። በእኔ ሚዛን ከባለ ቫኒላዎቹ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ከቫኒላው ጀርባ ትንባሆው ራሱ ይሰማል። አንድ አውንስ ብቻ ገዝቶ መሞከርም ይቻላል። መታወቂያ መያዝ አትርሱ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ አይሸጥም።

ሞልቶ ዶልቼ የሰትሊፍ ነው፤ ሰትሊፍ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ የነበረ የትንባሆ ድርጅት ነው። ካራሜል፣ ማር፣ ቫኒላ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። የለኮስኩት ቀን የታች ጎረቤታችን አንገቷን አውጥታ «ኬክ እየጋገራችሁ ነው?» አለች። ባለቤቴ አሥር ከአሥር። መስኮቱን ከፍታ ቆመች፤ ይህ በቤታችን ታሪክ ሆኖ አያውቅም። እኔ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ድግስ የደረሰኝ ቅንጣት ነው። ምክሬ፦ ከማጨሳችሁ በፊት ወረቀት ላይ በትናችሁ ጥቂት አናፍሱት። ሲደርቅ ቃናው ትንሽ ይገለጣል።

ስሙን የማልጠራው አንድ የቼሪ ትንባሆም አለ። ቀይ ፓኬት፣ ቆንጆ ሥዕል። ከቼሪ ጋር ዝምድና የለውም። ይባስ ብሎ ፒፓዬ ውስጥ ቤት ሠርቶ፣ ከእሱ በኋላ ያጨስኩት ሁሉ እሱን እሱን ይላል። ባለ ቃና ትንባሆ ለብቻው ፒፓ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጥሩውን የእንጨት ፒፓ አታበላሹበት። ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሚሠራው ርካሹ ይበቃል። ሚዙሪ ውስጥ ሚዙሪ ሚርሻም የሚባል ድርጅት ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ይሠራል። እርጥበቱን መጠጥ ስለሚያደርገው ለእንዲህ ዓይነቱ ትንባሆ ከውዱም ይሻላል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። አርሊ ሞርኒንግ ፓይፕ፣ የፒተርሰን። ጣፋጭ አልተረጨበትም። ቃናው የሚመጣው ላታኪያ ከሚባለው ቅጠል ነው። ላታኪያ በእንጨት ጢስ የሚታጠን ትንባሆ ነው፤ ስሙ ከሶሪያዋ ከተማ ቢመጣም ዛሬ በብዛት የሚታወቀው የቆጵሮሱ ነው። ቆርቆሮውን ስከፍተው እናቴ የጠላ ጋን በወይራ ስታጥን የነበረው ጠረን መጣብኝ። ይህ ሽታው ብቻ አይደለም፣ አፍ ውስጥም ይገኛል። ዘጠኝ ሰጠሁት። ባለቤቴ መስኮቱን ዘጋች። ከቤተ ክርስቲያን አብሮኝ የመጣ አንድ ወዳጄም «በአፄ ዮሐንስ ዘመን ቢሆን ከንፈርህን ታጣ ነበር» ብሎኝ ሄደ።

ለጥቅል፣ ማለትም በወረቀት ጠቅልሎ ለማጨስ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲጋራም፣ ተጠቅልሎ በሚጨስ ትንባሆም ላይ የፍራፍሬና የከረሜላ ቃና ክልክል ነው። ያኔ የተረፈው ሜንቶል ብቻ ነበር። የፒፓ ትንባሆን ያ ክልከላ አልነካውም። በዚያው ዓመት ግብሩም ተራራቀ፤ የሚጠቀለለው በፓውንድ 24.78 ዶላር፣ የፒፓው 2.83 ዶላር። ወዲያው ሱቁ ሁሉ «የፒፓ ትንባሆ» የሚል ጽሑፍ ባላቸው ትልልቅ ከረጢቶች ተሞላ። ውስጡን እዩት፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ እንደ ክር የተቆረጠ ከሆነ ለወረቀት የታሰበ ነው። እውነተኛው የፒፓ ትንባሆ ሸካራና እርጥብ ነው፤ በወረቀት ቢጠቀለል በየመሳቡ ይጠፋል። ለመጠቅለል ድረም የሚባለውን ትንባሆ እመርጣለሁ። የሆላንድ ዘር ነው፤ ጥቁር፣ ጠንከር ያለ፣ ከረሜላ የሌለበት። አውሮፓ ያላችሁም ብዙ አትፈልጉ፤ ከግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጥቅል ትንባሆ ላይ ሜንቶልም የለም።

የፒፓ ጢስ ወደ ሳንባ አይሳብም። ኒኮቲኑ በአፍ በኩል ይገባል። ስለዚህ ከሲጋራ ይሻላል የሚላችሁን አትመኑ፤ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ቫኒላ ነው ብሎ አይምርም።

አዲስ አበባ ላለ ወዳጅ በስጦታ ልውሰድ የሚል ካለ ይተወው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቃና የተጨመረበትን ትንባሆ ከልክሏል። በዚያ ላይ ኒያላ ለለመደ ሰው ቫኒላ ብታቀርቡለት ይስቅባችኋል።