በሜታቨርስ ቦታ ለመግዛት፦ ዲሴንትራላንድ፣ ዘ ሳንድቦክስ፣ ሰከንድ ላይፍ ወይስ ሮብሎክስ?

ሜታቨርስ የሚባለው ሰው በአቫታር (በሚወክለው ዲጂታል አካል) ገብቶ ከሌሎች ጋር የሚገናኝበት፣ የሚገነባበትና የሚነግድበት ባለ ሦስት አውታር የኢንተርኔት ዓለም ነው። ብሎክቼይን ደግሞ የትኛው አድራሻ ምን እንደያዘ የሚጻፍበት፣ ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ መዝገብ ነው። አንዱ ያለ ሌላው መኖር ይችላል። ሰከንድ ላይፍ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሮብሎክስ በ2006 ሥራ ሲጀምሩ ብሎክቼይንን ያስጀመረው ቢትኮይን እንኳ ገና አልነበረም። ዲሴንትራላንድና ዘ ሳንድቦክስ ግን የቦታን ባለቤትነት ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን ላይ ይመዘግባሉ። ሻጮች ሁለቱን ቃላት አቀላቅለው ስለሚያወሩ ብዙ ገዢ ለምኑ እንደሚከፍል ሳይለይ ይከፍላል።

የእኛን ፍርድ ቀድመን እንንገርዎ። ቦታውን መልሶ የመሸጥ ወይም የማከራየት ሐሳብ ከሌለዎት የብሎክቼይን መሬት አያስፈልግዎትም። ጨዋታ ሠርተው ብዙ ሰው ፊት ለመቅረብ ሮብሎክስ፣ ለዓመታት የሚቆይ ሱቅ ወይም መሰብሰቢያ ለማቋቋም ሰከንድ ላይፍ ይሻላል። ዲሴንትራላንድና ዘ ሳንድቦክስ የሚመቹት መዝገቡን ራሱን ለሚፈልግ ሰው ነው።

የሚገዙት ምንድን ነው?

ዲሴንትራላንድ ውስጥ የሚገዙት «ላንድ» የተባለ ኤንኤፍቲ ነው፤ የአንድን ቦታ መጋጠሚያ ቁጥሮች የሚወክል፣ ሌላ አቻ የሌለው ቶክን፣ ማለትም በብሎክቼይን የተመዘገበ ዲጂታል ንብረት። ካርታው 301 በ301 በመሆኑ በጠቅላላው 90,601 ቦታዎች አሉ፤ መንገድና አደባባይ የሆኑት ግን አይሸጡም። የዘ ሳንድቦክስ ካርታ 408 በ408 ሲሆን 166,464 ቦታዎችን ይይዛል። በሁለቱም ዘንድ ቶክኑ የሚቀመጠው በእርስዎ ዋሌት (የክሪፕቶ ቁልፍዎን በሚይዝ ፕሮግራም) ነው። የዋሌቱን ቁልፍ እስከያዙ ድረስ ኩባንያውን ሳያስፈቅዱ ይሸጡታል፣ ያዛውሩታል። የእያንዳንዱ ቦታ የቀድሞ ዝውውርም በመዝገቡ ላይ ስለሚታይ ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ቀደም ሲል በትክክል ከተከፈለው ጋር ማመሳከር ይቻላል። ይህን ጥቅም ሌሎቹ ሁለቱ አይሰጡም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነጥብ ላይ ነው። ብሎክቼይኑ የያዘው የባለቤትነቱን መስመር ብቻ ነው፤ በቦታው ላይ የሠሩት ሕንፃ፣ ምስልና ድምፅ እዚያ የለም። በዲሴንትራላንድ እነዚህ ፋይሎች ያሉት ካታሊስት በሚባሉ ሰርቨሮች ላይ ነው። ሰርቨሮቹን የሚያንቀሳቅሱት የተለያዩ ወገኖች መሆናቸው ከአንድ ኩባንያ ጥገኝነት በመጠኑ ያላቅቃል፤ ሆኖም የሚያስተናግድ ሰርቨር ከሌለ ቶክኑ ብቻውን የሚያሳየው ነገር አይኖርም።

በሰከንድ ላይፍ መሬቱም ሕንፃውም ያለው በባለቤቱ ኩባንያ በሊንደን ላብ ሰርቨር ላይ ነው። በሚከፈልበት አባልነት ከሚፈቀደው በላይ የሆነ መሬት የማያቋርጥ ክፍያ አለው፤ ክፍያው ከተቋረጠ መሬቱ ይወሰዳል። ሮብሎክስ ጭራሹን መሬት አይሸጥም። ሮብሎክስ ስቱዲዮን በነፃ አውርደው፣ ከሉዋ በተገኘው ሉዋው (Luau) በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጨዋታዎን ጽፈው ያትሙታል።

ስፋቱና የግንባታው ገደብ

ዋጋ ብቻ አይተው ሲያወዳድሩ የሚያታልለው የቦታው ስፋት ነው። የዲሴንትራላንድ አንድ ቦታ 16 በ16 ሜትር፣ ማለትም 256 ካሬ ሜትር ነው። የዘ ሳንድቦክስ አንድ ቦታ 96 በ96 ሜትር፣ 9,216 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 36 እጥፍ ነው። የሰከንድ ላይፍ ሙሉ ክልል 256 በ256 ሜትር ሲሆን፣ የፕሪሚየም አባልነት 1,024 ካሬ ሜትር ያለ ተጨማሪ የመሬት ክፍያ እንዲይዙ ያስችላል።

ከስፋቱ ይልቅ ግን ሥራዎን የሚያስረው የይዘት ገደቡ ነው። በዲሴንትራላንድ አንድ ቦታ 10,000 ትሪያንግል (ሞዴል የሚገነባባቸው ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች)፣ 200 ቁስ፣ 20 ማቴሪያል (የገጽታ ዓይነት)፣ 10 ቴክስቸር (ገጽታ ላይ የሚለጠፍ ምስል) እና 15 ሜጋባይት ፋይል ይፈቅዳል፤ ከፍታው 20 ሜትር ነው። አራት ቦታ ቢገዙ ትሪያንግሉ 40,000፣ ቁሱ 800 ይሆናል። ቴክስቸሩ ግን ወደ 23፣ ከፍታው ወደ 46 ሜትር ብቻ ነው የሚያድገው፤ ምክንያቱም እነዚህ የሚሰሉት በሎጋሪዝም ነው። ፎቅ ለመሥራት አስበው አራት ቦታ የገዙ ሰዎች 80 ሜትር ጠብቀው ከግማሹ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ያገኛሉ። ከኢንተርኔት የወረደ አንድ ያማረ ወንበር ብቻውን 60,000 ትሪያንግል ሊኖረው ስለሚችል፣ ሞዴል ከመግዛትዎ በፊት ብሌንደር በተባለው የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ከፍተው ቁጥሩን ያንብቡ።

ቦታዎችን አዋህዶ «ኢስቴት» ለማድረግ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። በመሃል መንገድ ካለፈ አይዋሃዱም፤ ሻጭ «ሁለት ተያያዥ ቦታ» ሲልዎ መጋጠሚያ ቁጥሮቹን በካርታው ላይ ራስዎ ይመልከቱ።

ዘ ሳንድቦክስ የሚገነባው በቮክስል፣ ማለትም በጥቃቅን ኪዩቦች ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩብ በ32 በ32 በ32 ቮክስል ይከፈላል። ቁሱን በቮክስኤዲት፣ ጨዋታውን በጌም ሜከር ይሠራሉ። ኮድ መጻፍ ለማይወድ ሰው ከአራቱ ይህ ቀላሉ ነው፤ በዚያው ልክ የኪዩብ መልኩን የማይወድ ደንበኛ ካለዎት ምንም ማድረግ አይቻልም። የሰከንድ ላይፍ 1,024 ካሬ ሜትር በዋናው መሬት ላይ 351 የመሬት አቅም (ሊቀመጥበት የሚችለው የቁስ መጠን መለኪያ) አለው፤ በዝርዝር የተሠራ አንድ ቤት ብቻውን ይህን ሊጨርስ ይችላል።

በነገራችን ላይ «አንዴ የገዙትን ልብስ በሁሉም ሜታቨርስ ይለብሱታል» የሚለውን ማስታወቂያ አይመኑ። ቶክኑ የእርስዎ መሆኑን ሌላው ዓለም ማንበብ ይችላል፤ ነገር ግን የዲሴንትራላንድ ልብስ የተሠራበት ጂኤልቢ የተባለ የሞዴል ፋይል ከዘ ሳንድቦክስ የቮክስል አካል ጋር አይገጥምም። ተቀባዩ ዓለም ለብቻው ካልሠራለት ልብሱ እዚያ አይታይም።

ገንዘቡ

ዲሴንትራላንድ ማና፣ ዘ ሳንድቦክስ ሳንድ የተባለ የራሱ ክሪፕቶ (በብሎክቼይን ላይ ያለ ዲጂታል ገንዘብ) አለው። ገዢው ሁለት ዓይነት የዋጋ አደጋ ይሸከማል፤ የመሬቱንና የክሪፕቶውን። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በዲሴንትራላንድ የፋሽን ሠፈር 116 ቦታዎች በ618,000 ማና ተሸጠዋል፤ በዕለቱ ምንዛሪ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2022 መጨረሻ አንድ ማና ከ0.40 ዶላር በታች ወርዷል። መሬቱ በማና ሲሰላ ዋጋው ፈቀቅ ባይል እንኳ ያው 618,000 ማና ከ250,000 ዶላር በታች ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲመዘግቡ በማናም በዶላርም ይመዝግቡ።

የሰከንድ ላይፍ ሊንደን ዶላር በኩባንያው የምንዛሪ ገበያ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ይለወጣል፤ በአንፃራዊነት የረጋ ነው። በሮብሎክስ የመድረኩን ገንዘብ ሮበክስን ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመቀየር ዕድሜዎ ቢያንስ 13 መሆን፣ ከሥራዎ ያገኙት ሮበክስም ቢያንስ 30,000 መድረስ አለበት። በጨዋታ ውስጥ ከሚሸጡት ማለፊያ (ጌም ፓስ) ላይ ሮብሎክስ 30 በመቶ ይቆርጣል፤ ሮበክሱ ሲመነዘርም ተጫዋቹ ከገዛበት ባነሰ ዋጋ ነው። የዲሴንትራላንድ ገበያ የሚቆርጠው 2.5 በመቶ ነው። በዚህ ረገድ ብሎክቼይኑ ያለ ጥርጥር ይረክሳል፤ የሚጎድለው የሚገዛው ሰው ነው።

ቢዘጋስ?

ማይክሮሶፍት የራሱን ሜታቨርስ አልትስፔስ ቪአርን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሲዘጋ፣ ዓለሞቹ አብረው ጠፍተዋል። ሮብሎክስና ሰከንድ ላይፍ ላይም የሚያስፈራው ይኸው ነው፤ አካውንትዎ ቢታገድም ያለዎት ሁሉ አብሮ ይታገዳል። ብሎክቼይን ከዚህ ያድናል የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲከስር፣ በእርሱ ገበያ የተሠሩ ኤንኤፍቲዎች በባለቤቶቻቸው ዋሌት ውስጥ እንዳሉ ምስላቸው ጠፋ፤ ቶክኑ የሚጠቁመው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ወደነበረ አድራሻ ነበርና። የትኛውንም መድረክ ቢመርጡ የሞዴልዎንና የኮድዎን ዋና ቅጂ በራስዎ ዲስክ ላይ ያኑሩ።

የብሎክቼይን ቦታ ለመግዛት ከወሰኑ

መጀመሪያ ሳይገዙ ይግቡ። ዲሴንትራላንድ መሬት ሳይገዙ ያስገባል። ሊገዙት ያሰቡት ቦታ አጠገብ በተለያየ ሰዓት ቆመው ስንት ሰው እንደሚያልፍ ይቁጠሩ። ዜሮ ከሆነ የሻጩ «ለአደባባይ ቅርብ» የሚል ማስታወቂያ ዋጋ የለውም።

ከዚያ መሬት መግዛት የግድ መሆኑን እንደገና ይጠይቁ። ዝግጅት ለማካሄድ ብቻ ከሆነ በ100 ማና የዲሴንትራላንድ ስም ቢያስመዘግቡ «ወርልድ» የሚባል የራስዎ የተለየ ቦታ ያገኛሉ፤ ከዋናው ካርታ ውጭ ስለሆነ ግን መንገደኛ አያልፍበትም፣ እንግዳ የሚመጣው ሊንኩን ሲልኩለት ነው። ከላንድ ባለቤት መከራየትም ይቻላል።

ለግዢው አዲስ ዋሌት ይክፈቱ፤ ዋሌቱን የሚያስመልሱትን 12 የማስታወሻ ቃላት በወረቀት ይጻፉ እንጂ ስልክዎ ላይ ፎቶ አያንሱ። ማና ብቻ ይዘው ከመጡ ግዢው አይሄድም። በኢቴሪየም መረብ ላይ የዝውውሩ ክፍያ፣ «ጋዝ» የሚባለው፣ የሚከፈለው በመረቡ ገንዘብ በኢቴር ስለሆነ ጥቂት ኢቴር ለብቻ ያስቀምጡ። ያልተሳካ ግብይትም ጋዙን ይበላል።

ማናም ሳንድም በኢቴሪየምም ፖሊጎን በተባለው ሌላ የብሎክቼይን መረብም ላይ አሉ፤ ከክሪፕቶ መገበያያ ወደ ዋሌት ሲልኩ የተሳሳተ መረብ መምረጥ ጀማሪን በብዛት የሚያጋጥም ችግር ነው። በራስዎ ዋሌት ከሆነ መረቡን ቀይረው ያገኙታል። ወደ መገበያያው አካውንት ሲልኩ ግን መገበያያው ያንን መረብ ካልተቀበለ ገንዘቡን ማስመለስ ከባድ ነው። ትንሽ መጠን ልከው መድረሱን ካዩ በኋላ ቀሪውን ይላኩ። በሁለቱ መረቦች መካከል የሚያሻግረው «ድልድይ»ም የራሱ አደጋ አለው። የአክሲ ኢንፊኒቲ ጨዋታ ይጠቀምበት የነበረው የሮኒን ድልድይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ሲዘረፍ 173,600 ኢቴርና 25.5 ሚሊዮን የዩኤስዲሲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ) ቶክን ጠፍቷል፤ ሌቦቹ ከዘጠኙ የማረጋገጫ ቁልፎች አምስቱን መያዛቸው በቂ ሆኖላቸዋል።

ቦታውን የሚገዙበት ገበያ ሲያስፈርምዎ የሚፈቅዱትን መጠን ያንብቡ። ዋሌቱ «ያልተገደበ» ብሎ ካቀረበ ወደ ግዢው ዋጋ ዝቅ ያድርጉት። «ሁሉንም እንዲያንቀሳቅስ ፍቀድ» የሚል የኤንኤፍቲ ጥያቄ በማያውቁት ድረ ገጽ ላይ ከመጣ ገጹን ይዝጉ፤ አንዴ ከፈረሙ ሌባው የዚያን ስብስብ ቶክኖች በሙሉ ያለ ተጨማሪ ፊርማ ይወስዳል፣ የሚያስመልስልዎ ቢሮም የለም።

ቦታው ከገባልዎ በኋላ ቶክኑን ወደ ሃርድዌር ዋሌት (ቁልፉን ከኢንተርኔት ውጭ ወደሚይዝ መሣሪያ) ያዛውሩት። ግንባታውን ሌላ ሰው የሚሠራልዎ ከሆነ ቶክኑን አይስጡት፤ በዲሴንትራላንድ «ኦፕሬተር» የሚል ፈቃድ ለአድራሻው ብቻ ሰጥተው፣ መሬቱን መሸጥ ሳይችል ይዘት እንዲጭን ማድረግ ይችላሉ። ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱን ይሰርዙ፤ ለመሰረዙም ጋዝ ይከፈላል።