የኮሸር ምልክቶች በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች፦ የትኛው ይታመናል?

ኮሸር ማለት በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ ማለት ነው። አይሁዳዊ እንግዳ ለሚጋብዝ ሸማች አስተማማኙ ምልክት በክብ ውስጥ ያለችው «ዩ» ናት። እ.ኤ.አ. በ1898 የተመሠረተው የአይሁዶች ድርጅት ኦርቶዶክስ ዩኒየን የሚሰጣት ማረጋገጫ ስትሆን ከየትኛውም ወገን ብዙ ተቃዋሚ የላትም። አጠገቧ «ዲ» ካለ ምግቡ ወተት ነክ ነው፤ ከሥጋ ጋር አይቀርብም። «ፒ» ደግሞ ለአይሁድ ፋሲካ የተፈቀደ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ሥጋም ወተትም የሌለው» እያለ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ብቻዋን የቆመች «ኬ» ደካማ ናት። አንዲት ተራ ፊደል በንግድ ምልክትነት ስለማትጠበቅ አምራቹ በራሱ ሊያትማት ይችላል። ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ ኩባንያውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በአይሁድ እምነት ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት የሚከረው ሥጋና ዓሣ ላይ ነው። ጥብቅ ኦርቶዶክስ አይሁዶች «ግላት» ይፈልጋሉ፤ ማለትም ሳንባው ላይ የተጣበቀ ነገር ያልተገኘበት ከብት። ሶርድፊሽ የተባለው ዓሣ ሲያድግ ቅርፊቱን ስለሚያጣ ኦርቶዶክሶች ይከለክሉታል፣ ኮንሰርቫቲቭ የተባለው የአይሁድ ወገን የሕግ ኮሚቴ ግን ፈቅዶታል። ሪፎርም የተባሉት አይሁዶች እ.ኤ.አ. በ1885ቱ የፒትስበርግ መግለጫ የምግብ ሕጉን ቢተዉም ዛሬ የሚጠብቁት አባላት አሏቸው፤ እንግዳውን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ምልክት ያለው ዕቃ ኮሸር ባልሆነ ድስት ከተሠራ ማረጋገጫው አይሠራም። ለጥብቅ እንግዳ የታሸገውን ሳይከፍቱ ማቅረብ ነው።