ለቻይንኛ የንግግር ውድድር የሚያዘጋጀው የጅማው ማስጠኛ፣ እኔ እንዳየሁት

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ላለው የቻይንኛ ማስጠኛ ለመመዝገብ ለምታስቡ የግቢ ልጆች ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። «የቻይንኛ ድልድይ» የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድር ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ንግግር ብቻ ግን እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ቻይና ጥያቄ ትመልሳላችሁ ተሰጥኦም ታሳያላችሁ። ቲቸሩ በጣም ጎበዝ ነው በእውነት!! አራቱን የቻይንኛ ቃናዎች (የድምፅ አወጣጥ ከፍታና ዝቅታ ማለት ነው) ሳታስተካክሉ ወደ ንግግር አያሳልፋችሁም፣ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል ግን ልክ ነው ምክንያቱም ቃናው ከተበላሸ ሰሚው ሌላ ቃል ነው የሚሰማው፣ ደግሞ ድምፃችሁን በስልክ ይቀዳና ቁጭ ብሎ አብሯችሁ ያዳምጣል፣ እንዲህ የሚለፋ አስተማሪ የት ይገኛል። ስለ ጅማ ቡና የጻፍኩትን ንግግር ከኢንተርኔት የለቃቀምኩትን ሁሉ አስወጥቶ እናቴ ቡና ስታፈላ የማየውን በቀላል ቻይንኛ አስነገረኝ፣ በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ስፒከሩም ይቆማል። ማስጠኛው ለውድድሩ ጥያቄና መልስ ዝግጅት የሚሰጠው ጊዜ ግን በጣም ያንሳል፣ ታሪኩንና ጂኦግራፊውን ራሳችሁ ማንበብ አለባችሁ። ከዜሮ ለሚጀምር አልመክርም፣ ኤችኤስኬ (የቻይንኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና) ደረጃ 3 አካባቢ ለደረሰ ግን አሪፍ ነው። ክፍያው በወር ስለሆነ ሞክራችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው አይበዛበትም።