ደብረ ብርሃን ላይ ደም መለገስ፦ የወደድኩትና ይስተካከል የምለው

ከተማችን ውስጥ ሰው መርዳት የሚፈልግ ብዙ ነው። ክረምት ሲመጣ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የሰፈሩን ተማሪ ያስጠናሉ። ከወለጋ ተፈናቅለው ለመጡት ወገኖቻችንም፣ የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቁት ስለሆነ፣ ብርድ ልብስ ይሰበሰባል። ሁሉም ያስፈልጋል። ግን ጊዜም ብርም ያጠረው ሰው "እኔ ምን ላድርግ?" ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፦ ሂድና ደም ስጥ።

ሰሞኑን እዚሁ ከተማ ተተክሎ በነበረ የደም ልገሳ ድንኳን ያየሁትን ልንገራችሁ።

መስተንግዶው ልብ ያሞቃል። መጀመሪያ ፎርም ትሞላላችሁ። ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ቢያንስ 45 ኪሎ መሆን አለበት። ደም ግፊት ይለካል። ከዚያ ጣታችሁ ትንሽ ይወጋና አንድ ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ትገባለች፤ ከሰመጠች ደማችሁ በቂ ነው፣ ከተንሳፈፈች መክረው ይመልሷችኋል። በቅርቡ ታመሃል? መድኃኒት ትወስዳለህ? የሚሉት ጥያቄዎች ሰው ፊት ሳይሆን ጥግ ላይ ለብቻ መጠየቃቸውን በጣም ወድጄዋለሁ። እውነቱን ንገሯቸው። ደሙ በኋላ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል፤ ግን ገና የገባ በሽታ ምርመራው ላይ ላይታይ ይችላል።

መቅዳቱ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሲስተሯ "አይዞህ ወንድሜ፣ እጅህን ጨበጥ ፈታ አድርግ" እያለች አጠገቤ ቆማ ጨረሰች። ጁስና ብስኩት ሰጡኝ፣ ሳያርፉ መነሳትም አይፈቅዱም። ቤት ስትገቡ ደግሞ በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሰዓቱ! ድንኳኑ ጠዋት ይከፈታል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃ መሸከፍ ይጀመራል። የሰሜን ሸዋ ሰው ግን ጿሚ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው ብዙ ነው፣ ባዶ ሆድ ደግሞ ደም አይሰጥም። ቀምሶ እስኪመጣ ድንኳኑ የለም። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው፣ እህል ቀምሰው እየሮጡ ሲደርሱ "ነገ ኑ" ተብለው ሲመለሱ አየሁ። በጣም አዘንኩ። ነገ እኮ ያው ሰዓት ነው።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የተለገሰ ደም ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ነው፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት የሚባለው ክፍሉማ 5 ቀን ያህል ብቻ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ስለዚህ ከጾሙ በፊት የቱንም ያህል ብንሰበስብ ፋሲካ አይደርስም። ከመንዝ ወይ ከአንኮበር ሪፈር ተጽፎላት የምትመጣ፣ ስትወልድ ደም የሚፈሳት እናት ደግሞ ጾም እስኪፈታ አትጠብቅም። ያን ጊዜ ቤተሰቧ ስልክ ይዞ ዘመድ ፍለጋ ይሯሯጣል፤ ለዚያ ሰዓት ደሙ አስቀድሞ መገኘት ነበረበት።

"ደሜ ይሸጣል" ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ሄዳችሁ ሠራተኞቹን ፊት ለፊት ጠይቁ፣ ሳይሰለቹ ያስረዳሉ። በሦስት ወር አንዴ መስጠት ይቻላል። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ እኔን ማንም ደውሎ አላስታወሰኝም፤ እሱም ቢታሰብበት ጥሩ ነው።

ለአዘጋጆቹ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ቅዳሜና እሑድ በሁዳዴም ቢሆን ከቅዳሴ በኋላ እህል ይቀመሳል። እሑድ ከአራት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ አንድ ድንኳን ትከሉ፤ እኔ ወንበር በማመላለስም፣ ሰው በመጥራትም አግዛለሁ።